በሶፍት አትጥረጉት! ስለ ሌንስና ሌዘር እቃ አፀዳድ የተደረገ ንግግር

(አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ለሌዘር ቀራጮች፣ ለላብራቶሪ ሰዎችና ለካሜራ ባለሙያዎች ካወራሁት የተፃፈ። አወራሬን ብዙም አልነካካሁትም፣ መሀል መሀል ላይ ለተጠየቅኩት የመለስኩትንም እዛው ትቼዋለሁ።)

እሺ፣ እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ይሰማል? ጥሩ።

እስቲ ኪሱ ውስጥ ሶፍት ያለ ሰው እጁን ያውጣ። ኧረ ሁላችሁም ናችሁ! መነፅሩን በሱ የሚጠርግስ? በቲሸርት፣ በነጠላ ጫፍ የምትጠርጉም አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ዛሬ የመጣሁት ይሄን ልማድ ቢያንስ ከስራ ቦታችሁ ላስቆም ነው። አቧራ ስናይ እጃችን አያርፍም አይደል፣ ቤት ውስጥ ጥሩ ጠባይ ነው፣ ሌንስ ላይ ግን ጠላት ነው። ለጥገና እጄ ላይ ከሚደርሱት ሌንሶችና መስታወቶች አብዛኞቹ ቆሽሸው አይደለም የሞቱት፣ ሰው አፅድቷቸው ነው።

ለምን? የአዲስ አበባን አቧራ አስቡት። ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ፒያሳ በሉት ካዛንቺስ በሉት ያልፈረሰና ያልተቆፈረ ቦታ የለም፣ ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ የተፈጨው ድንጋይ አየር ላይ ነው ያለው፣ መስኮት ብትዘጉም ይገባል። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፣ ተራ መስታወት ደግሞ 5.5 አካባቢ፣ ስለዚህ አቧራው መስታወቱን ይቧጥጠዋል ማለት ነው። ሌንሱ ላይ ያለው ኮቲንግ ደግሞ፣ ያ ሰማያዊ ወይ ወይን ጠጅ መስሎ ሚያብለጨልጨው፣ አንዱ ንብርብሩ 100 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ ከፀጉር ብዙ መቶ ጊዜ የቀጠነ። በደረቅ ሶፍት ስትጠርጉ አቧራውን አይደለም የምታነሱት፣ አቧራውን ይዛችሁ ኮቲንጉን እየሞረዳችሁት ነው። ዓይናችሁ ውስጥ ጉድፍ ቢገባ ታሹታላችሁ እንዴ? አታሹም፣ ታጥቡታላችሁ። በቃ እንደዛ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ ማየት ነው። ባትሪ ወይ የስልክ መብራት በጎን በኩል ዘንበል አድርጋችሁ አብሩበት፣ ማጉያ ካላችሁ በማጉያ እዩት። ከዛ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ይሄ ነገር በርግጥ መፅዳት አለበት? የካሜራ ሌንስ ፊት ላይ ሶስት አራት አቧራ ቢኖር ፎቶው ላይ አይታይም፣ ተዉት። እዚሁ እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ አይደል፣ እንደዛ አይነት መስታወት አሉሚኒየሙ የተቀባው ፊት ለፊት ላይ ነው፣ ከላዩ ብርጭቆ የለበትም፣ ስለዚህ በዓለም ላይ የቴሌስኮፕ ሰዎች አቧራ አዩ ብለው ጨርቅ ይዘው አይሮጡም፣ ትልልቆቹ ኦብዘርቫቶሪዎች እንደውም የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ እየነፉ ነው አቧራውን የሚያነሱት፣ እጅ ሳይነካው።

ሌዘር ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዛ ትንሿም አቧራ ታቃጥላለች። ጨረሩ ሌንሱን አልፎ መሄድ ሲገባው አቧራዋ ላይ ይቀራል፣ አቧራዋ ትግላለች፣ ከሌንሱ ጋር ትጣበቃለች፣ ያቺ የጠቆረች ነጥብ ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ ሙቀት ትስባለች፣ መጨረሻ ላይ ሌንሱ መሀሉ ይሰነጠቃል። እና ፒያሳ አካባቢ ማህተም ምትሰሩ፣ የሰርግ ካርድ፣ ዋንጫ ምናምን ምትቆርጡ ልጆች ይሄን ስሙኝ፦ ማሽኑ መቁረጥ ሲያቅተው መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ፓወር ትጨምራላችሁ። 50 ፐርሰንት የነበረውን 65፣ በሳምንቱ 80። ሌንሱ ቆሽሾ ሳለ ፓወር መጨመር ማለት ሌንሱንም ማቃጠል ነው፣ ሌዘሩ የሚፈልቅበትን የቱቦውንም እድሜ መብላት ነው፣ ቱቦ ደግሞ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። መቁረጥ ካቃተው ፓወሩን አትንኩ፣ መጀመሪያ ሌንሱንና ጨረሩን የሚመልሱትን መስታወቶች እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ መብራት።

መብራት ሲሄድ ምን እንላለን? «ስራ ፈተን ከምንቀመጥ ማሽኑን እናፅዳው»። ይሄ በጣም አደገኛ ሀሳብ ነው። ምክንያቱም መብራቱ ሲመጣ አያንኳኳም። እጃችሁ ውስጥ እያለ ማሽኑ ይነሳል፣ ጭንቅላቱ ወደ ማዕዘኑ ይሮጣል፣ አንዳንዱ ርካሽ ማሽን ደግሞ ሲነሳ ማንም ሳያዘው ሌዘሩን ብልጭ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ መብራት ሄደም አልሄደም ሶኬቱ ይነቀል፣ የተነቀለው ሶኬት ደግሞ ከምትሰሩበት ቦታ የሚታያችሁ ይሁን፣ ሌላ ሰው መጥቶ «ይሄ ለምን ተነቀለ» ብሎ እንዳይሰካው። ዩፒኤስ ወይ ጀነሬተር ያላችሁም እንደዛው፣ ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። የሲ.ኦ.ቱ (የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ) ቱቦ ያለው ማሽን ከሆነ የቱቦው ጫፍ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው የሚሄደው፣ ፓወር ሰፕላዩ ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ በቱቦው በኩል ደግሞ የእናንተ ጉዳይ የለም፣ ያንን ክዳን ለባለሙያ ተዉት።

ስለ ዓይን ደግሞ። ሲ.ኦ.ቱ ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 10,600 ናኖሜትር ነው፣ አይታይም፣ የዓይንን የፊት ሽፋን ነው የሚያቃጥለው። የማሽኑ አክሪሊክ ክዳን፣ ጠንካራው ፕላስቲክ፣ ያቆመዋል፣ እሺ። ግን ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ቀለበት ላይ ስም የሚፅፉበት ፋይበር ሌዘር 1,064 ናኖሜትር ነው፣ እሱም አይታይም፣ እንደ መስታወት የሚያሳየውን አክሪሊክ ግን በደንብ ያልፈዋል፣ ዓይን ውስጥም ገብቶ ሬቲና ድረስ፣ ከዓይን ኋላ ብርሀን የሚቀበለው ሽፋን ድረስ፣ ይደርሳል፣ የዓይናችን ሌንስ ራሱ ሰብስቦ አንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። ሬቲና ደግሞ አያምም፣ ሲቃጠል አይሰማችሁም። ከ400 እስከ 1,400 ናኖሜትር ያለው በሙሉ እንደዚ ነው። ያቺ የምታዩዋት ቀይ ነጥብ ጠቋሚ ናት፣ ሌዘሩ እሷ አይደለችም፣ ቀይዋ ስለጠፋች ሌዘሩ ጠፍቷል ማለት አይደለም! መነፅርም የምትገዙ ከሆነ ላዩ ላይ የተፃፈውን ቁጥር አንብቡ፣ ለ10,600 የተሰራ መነፅር ለ1,064 ምንም ላያደርግ ይችላል። እና ማሽኑ እየሰራ አቧራው ይታየኝ ብሎ ጎንበስ ማለት፣ በቃ፣ የለም። ዓይኑ ላይ ብልጭታ የተሰማው ሰው ደግሞ «ይለፍልኛል» ብሎ አይደር፣ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ህክምና አለ፣ እዛው ቀን ይሂድ።

እሺ ተነቅሏል፣ ቀዝቅዟል፣ አሁን እናፅዳ።

መጀመሪያ አየር። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ፣ ካሜራ ቤቶች አለ፣ እሱን። በአፍ እፍ አትበሉ፣ ምራቅ ነው የምትረጩት። ኮምፕሬሰርስ ያልከው ወንድሜ፣ አዎ፣ ጎሚስታ ጋ ወስደው የሚያስነፉ ሰዎች አሉ፣ አይቻለሁ። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አየሩ ውስጥ ዘይትም ውሃም አለው፣ ጎማ ምን ቸገረው፣ ሌንስ ላይ ግን ቅባት ቀብቶ ነው የሚመልስላችሁ። በቆርቆሮ የሚሸጠውም የታሸገ አየር ቢሆን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ካዘነበላችሁት ፈሳሹን ይተፋዋል፣ በጣም ይቀዘቅዛል፣ ሌንሱን ሊሰነጥቀውም ይችላል።

በአየር ከወጣ አለቀ፣ ክደኑት። ካልወጣ ብቻ ነው ወደ ፈሳሽ የምንሄደው፣ እዚህ ላይ ነው ሰዉ ሁሉ የሚሳሳተው።

ሳኒታይዘር! ከኮቪድ ወዲህ የማንም ጠረጴዛ ላይ አለ፣ አልኮል ነው አይደል ብሎ ሌንሱን ይጠርግበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ላይ ኢታኖሉ 80 ፐርሰንት ነው፣ ግን 1.45 ፐርሰንት ግሊሰሪን አለበት፣ እጅ እንዳይደርቅ ተብሎ። ግሊሰሪን አይተንም፣ ሌንሱ ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ሌዘር ላይ ከሆነ ይቃጠላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶንም አይሆንም፣ ሽቶና ቅባት ይጨመርበታል። የፋርማሲ 70 ፐርሰንት አልኮል ቀሪው ውሃ ነው፣ ሲደርቅ ምልክት ይተዋል። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ ላርጎ፣ በረኪና… በረኪና ያልከው ማነው? ወንድሜ በናትህ።

የምትፈልጉት ለላብራቶሪ የሚሸጠውን ንፁህ አሴቶን ወይ 99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። የላብራቶሪ ኬሚካል የሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ፣ ጠርሙሱ ላይ ንፅህናው የተፃፈበትን፣ ወደ ሃይላንድ ላስቲክ ተገልብጦ የሚሸጠውን አትግዙ። አሴቶን ፕላስቲክ ይበላል፣ አክሪሊክም የፕላስቲክ ሌንስም የካሜራ አካልም ላይ አታድርጉት፣ እዛ ላይ አይሶፕሮፒል ይሻላል። ሌላ ነገር፣ አሴቶን በባህር ጠለል ከፍታ በ56 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነን፣ እዚህ ከዛም ባነሰ ይፈላል፣ ስለዚህ መፅሀፉ ላይ ከተፃፈው ፈጥኖ ነው የሚተንባችሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ሲተን መስታወቱን ያቀዘቅዘውና ከአየሩ እርጥበት ይስብበታል፣ ነጭ ጉም ይሰራል፣ ሰው ደንግጦ ደግሞ ይጠርገዋል። እንደዛ ሲሆን አይሶፕሮፒል ተጠቀሙ፣ ወይ ከአሴቶኑ ጋር ቀላቅሉት። ሜታኖልም ይሰራል፣ ግን መርዝ ነው፣ ዓይን ያጠፋል፣ በቆዳም ይገባል፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ለምትሰሩ ሰዎች አልመክረውም። እሳት ደግሞ እንዳትረሱ፣ የአሴቶን ተን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳን እሳት ይይዛል፣ አጠገቡ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ መጀመሪያ ከሰሉ ይውጣ፣ ሌዘሩንም ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አታብሩት።

አጠራረጉ። የሌንስ ወረቀት የሚባል አለ፣ ስስ፣ ብናኝ የሌለው። ሶፍት ከእንጨት ነው የሚሰራው፣ ሸካራ ነው፣ ይበጣጠሳል፣ ሽቶ ያለበትም አለ። ሌንሱ ከቤቱ ከወጣና ጠፍጣፋ ከሆነ እንዲህ ነው፦ ዱቄት የሌለው ጓንት አድርጉ፣ ሌንሱን በጠርዙ ብቻ ያዙትና ንፁህ ነገር ላይ አስቀምጡት፣ ወረቀቱን ላዩ ላይ አንጥፉት፣ አንድ ጠብታ አሴቶን ወረቀቱ ላይ ጣል አድርጉ፣ ከዛ ወረቀቱን ከላይ ሳትጫኑት ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። ክብደቱ የጠብታው ብቻ ነው። ፍጥነቱ እንዴት ይሁን ላልሽው፣ ፈሳሹ ከወረቀቱ ኋላ ኋላ እየተከተለ እንዲደርቅ፣ ኩሬ ትቶ ከሄደ ፈጥነሻል፣ መሀል ላይ ወረቀቱ ከደረቀ ዘግይተሻል። ያ ወረቀት ተጣለ። ሁለተኛ ጊዜ ያው ወረቀት አይመለስም፣ ያነሳችሁትን አሸዋ ይዞ ነዋ የሚመለሰው። ሌንሱ ቤቱ ውስጥ ካለ ደግሞ ወረቀቱን አጣጥፋችሁ በወረንጦ ያዙት፣ ጫፉን አርጥቡት፣ አራግፉት፣ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው አንዴ እያዞራችሁ አንሸራቱት። የጆሮ ጥጥ አትጠቀሙ፣ የጥጡን ሙጫ አሴቶኑ ያሟሟውና ሙጫውን ሌንሱ ላይ ትቀቡታላችሁ።

የሲ.ኦ.ቱ ማሽን ሌንስ ቢጫ ቢጫ የሚለው ዚንክ ሴሌናይድ ነው፣ ከመስታወት በጣም ለስላሳ ነው፣ ጥፍር አይወድም። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ማንኛውም አሲድ አያስነኩት፣ ከአሲድ ጋር መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ስትመልሱት ጎበጥ ያለው ፊቱ ወደ ላይ፣ ጨረሩ ወደሚመጣበት ነው፣ ገልብጦ የሚያስገባ ሰው «ካፀዳሁት በኋላ ጭራሽ ባሰበት» ይላል። ብሎኑንም በካቻቪቴ አታጥብቁት፣ በጣት በቃ፣ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ቦታ ካጣ ይሰነጠቃል። እግረ መንገዴን፣ አርቴፊሻል ቆዳ የምትቆርጡ፣ ፒቪሲ ከሆነ አትቁረጡ፣ ሲቃጠል ሀይድሮጅን ክሎራይድ ያወጣል፣ ሌንሱንም፣ ሀዲዱንም፣ ሳንባችሁንም ነው የሚበላው። ያን ቆሻሻ አሴቶን አያወጣውም።

ጨርሶ የማይነኩ ነገሮች አሉ። ከላዩ መከላከያ ኮቲንግ የሌለው የወርቅ፣ የብርና የአሉሚኒየም መስታወት፣ ላብራቶሪ ስፔክትሮፎቶሜትር ውስጥ ያለው ግሬቲንግ፣ ያ ብርሀንን በየቀለሙ የሚለየው ባለ ደቃቅ መስመር ገፅ፣ እነዚህን ቀስ ያለ አየር ብቻ። ግሬቲንግ ላይ አንዴ ጣት ካረፈ አለቀ፣ መስመሮቹ በዓይን አይታዩም ግን እዛ ናቸው፣ አሻራው መስመሮቹ ውስጥ ይገባል፣ የሚያወጣው የለም።

ማይክሮስኮፕ ላይ እምትሰሩ ታውቁታላችሁ፣ አሳጥረዋለሁ። ለቲቢና ለወባ 100 በምትሉት ሌንስ፣ መቶ ጊዜ በሚያጎላው፣ ላይ ዘይት ታደርጋላችሁ፣ ማታ ስትወጡ ዘይቱ ላዩ ላይ አይደር፣ በደረቅ የሌንስ ወረቀት መጥጣችሁ አንሱት፣ የቀረውን በጥቂት አልኮል። ዛይሊን የሚባለው የላብራቶሪ ማሟሟቂያ ሌንሶቹን የያዘውን ማጣበቂያ ያላላል፣ መዘፍዘፍ የለም። 40 የምትሉትን ሌንስ ደግሞ ዘይት ከነካው ወዲያው አፅዱት፣ ተመልሳችሁ የወባ ስላይድ በጭጋግ ውስጥ እንዳታነቡ።

የኢንተርኔት ፋይበር የምትዘረጉ ልጆች ከኋላ አያችኋለሁ። እናንተ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ስራ ላይ ናችሁ። ብርሀኑ የሚሄድበት የፋይበሩ መሀል 9 ማይክሮሜትር ነው፣ ፀጉር 70 አካባቢ። መሀሉ ላይ አንዲት ብናኝ ካረፈች መስመሩ ይዳከማል፣ አቧራ እያለ ከሰካችሁት ደግሞ ሁለቱ ጫፎች ይፋጩና ሁለቱንም ትገድላላችሁ። ኮኔክተሩን፣ የፋይበሩን መሰኪያ ጫፍ፣ በሸሚዝ ጠርጎ መሰካት ሰፈር ውስጥ ፖል ላይ የተለመደ ነው፣ ፎቅ ላይ የተሰቀለ ሰው ምን ያድርግ ትሉኝ ይሆናል፣ አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚያፀዳ እስክሪብቶ መሳይ አለ፣ ኪስ ይገባል፣ እሱን ያዙ። አዲስ ከፕላስቲኩ የወጣ ኮኔክተርም ቢሆን እዩት፣ አፅዱት፣ ከዛ ሰኩት፣ ክዳኑ ራሱ ያቆሽሻል። እና ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አዙራችሁ «መብራት አለው?» አትበሉ፣ 1,310ም 1,490ም 1,550 ናኖሜትርም አይታይም። በፓወር ሜትር፣ በብርሀን መለኪያው፣ ነው የሚታየው።

ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ሻጋታ ላንሳ። ካሜራም፣ ማይክሮስኮፕም፣ የቀያሾች ቶታል ስቴሽንም በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ከሰኔ እስከ መስከረም ከከረመ ሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ነጭ ነገር ይበቅላል። ፈንገስ ነው፣ አሲድ ያወጣል፣ ኮቲንጉን ይበላል፣ ሲፀዳ እንኳን የበላበት ምልክት ይቀራል። መድሀኒቱ ቀላል ነው፣ ቁምሳጥን ውስጥ አነስተኛ አምፖል አብርታችሁ ማቆየት፣ የድሮ የላብራቶሪ ሰዎች ዘዴ ነው፣ ሙቀት የሚሰጠውን የድሮውን አምፖል፣ ኤልኢዲ ምንም አይሰራም። ወይ ሲሊካ ጄል፣ እርጥበት የሚመጠው ፍሬ፣ ሰማያዊው ሮዝ ሲሆን ጠግቧል ማለት ነው፣ ምድጃ ላይ አድርቃችሁ ትመልሱታላችሁ፣ ምግብ በምታበስሉበት እቃ አይሁን እንጂ።

ጥያቄ። አዎ፣ አንተ ጋር፣ ሰማያዊ ሸሚዝ።

ሌንሱ መሀሉ ላይ ጠቁሮ በኮልጌት ሞርደው የሚያስተካክሉ አሉ ይባላል፣ ይሰራል ወይ ነው ጥያቄው። አይሰራም። ኮልጌት ውስጥ መሞረጃ ዱቄት አለ፣ ጥቁረቱን ያነሳዋል፣ እውነት ነው፣ ኮቲንጉንም አብሮ ያነሳዋል፣ ኮቲንግ የሌለው ዚንክ ሴሌናይድ ጨረሩን ብዙ ይመልሳል፣ የተጫጫረው ደግሞ ይግላል፣ ትንሽ ቀን ቆርጦላችሁ ይሰነጠቃል። ከዛ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ዱቄቱ ነው፣ የዚንክ ሴሌናይድ ብናኝ መርዝ ነው፣ በጣታችሁ እያሻችሁት፣ ከዛ ደግሞ በዛው እጅ ምሳ። ሳይሰበር በጓንት መያዝ ችግር የለውም፣ ሲሰበር፣ ሲቃጠልና ሲሞረድ ነው።

የተቃጠለ ሌንስ አዲስ ይገዛለታል። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ግን ሶስቱንም መስታወቶች እዩ፣ ኖዝሉን፣ ጨረሩ የሚወጣበትን አፍ፣ ከውስጥ ጥረጉት፣ አየር የሚነፋላት ፓምፕ እየሰራች መሆኗን አረጋግጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌውን የገደለው እዛ ነው ያለው፣ አዲሱንም በዛው ሳምንት ይገድለዋል። አሮጌውን ደግሞ እንዲሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት። በጓንት አንሱት፣ ከነስብርባሪው ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ እሰሩት፣ መርዝ መሆኑን ላዩ ላይ ፃፉ፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች በባዶ እጃቸው ነው የሚለዩት። ኬሚካል ማስወገጃ ያለው ላብራቶሪ የምታውቁ ከሆነ እዛ ስጡት፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከላብራቶሪ የመጣችሁ አላችሁ አይደል፣ ስትወጡ ስልክ ተለዋወጡ።